ጄፍ ሚልስ፦ የዲትሮይቱ ዲጄ ከ40 ዓመት በላይ ሥራው ላይ የቆየው በምንድን ነው?

ሸክላ ወዳጅ (ፍራንክፈርት)

ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ መድረክ ላይ ስለ ድሮ ካሴት፣ ስለ ባንዶች፣ ስለ ትዝታ ብዙ አንብቤያለሁ። ስለ ቴክኖ፣ በማሽን ስለሚሠራው የጭፈራ ሙዚቃ፣ የጻፈ ሰው ግን አላጋጠመኝም፤ ስለዚህ እኔ ልጀምር። ረዘም ይላል፣ ታገሡኝ። ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጄፍ ሚልስን መጀመሪያ የሰማሁት በ2003 ኦፈንባክ ውስጥ፣ በረዶ በሚጥልበት ሰሞን ነው። አብሮኝ መጋዘን የሚሠራ የጋና ልጅ ቤት ቁጭ ብለን ስንጨዋወት አንድ ሲዲ ከፈተ። ዘፋኝ የለው፣ ግጥም የለው፣ ምት ብቻ። ለመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች አልገባኝም። ከዚያ ግን አንዱ ሸክላ ሳያልቅ ሌላው ከሥሩ እየገባ፣ ሦስተኛው ከላይ እየተደረበ ሲሄድ ጨዋታችንን አቁሜ ማዳመጥ ጀመርኩ። ሲዲው በ1995 ቶኪዮ፣ ሺንጁኩ ውስጥ በነበረው ሊኩዊድ ሩም ክለብ ሰው በሞላበት የተቀዳ ነው። በአንድ ሰዓት ገደማ ውስጥ ከሠላሳ በላይ ሸክላ ያልፋል። የመርፌው ጭረት ይሰማል፣ ሁለት ምቶች ለአፍታ ሲላተሙና በጣት ሲታረሙ ይሰማል። አልቆረጡትም። እስከ ዛሬ ደግሜ ደጋግሜ የምሰማው ለዚህ ነው፤ ሰው ሲሠራው ይሰማኛል።

ሚልስ የተወለደው በ1963 ዲትሮይት ነው። ሙያውን ያጠናከረው ሬዲዮ ላይ ነው። በ1980ዎቹ «ዘ ዊዛርድ»፣ በእኛ አባባል «አስማተኛው»፣ በሚል ስም ደብሊው ዲ አር ኪው እና ደብሊው ጄ ኤል ቢ በተባሉ የከተማው ጣቢያዎች ላይ ይጫወት ነበር። ሂፕ ሆፑን፣ ሀውስ የተባለውን የቺካጎ የጭፈራ ሙዚቃ፣ ከአውሮፓ የመጣውን የሲንተሳይዘር ሙዚቃ በሚያስደነግጥ ፍጥነት ያፈራርቀዋል። እኔ ስለዚህ ሰው ሳስብ ከሁሉ የሚገርመኝ ይሄ ዘመን ነው። ክለብ ውስጥ ቢሆን ሰው ይጨፍራል፣ ይጠጣል፣ ስህተትህ ይታለፋል። ሬዲዮ ላይ ግን አድማጩ ብቻውን ኩሽናው ወይም መኪናው ውስጥ ነው፤ የሚያገኝህ በጆሮው ብቻ ነው። ትናንት ያሰማኸውን ዛሬ ብትደግመው ጣቢያ ይቀይራል። ስለዚህ ሁልጊዜ አዲስ ነገር መፈለግ አለብህ። የእጁ ፍጥነት ከዚያ የመጣ ይመስለኛል።

በ1989 ፋይናል ከት በተባለ ቡድን ውስጥ የመጀመሪያውን አልበም ሠራ። በዚያው ሰሞን ከማይክ ባንክስ ጋር «አንደርግራውንድ ሪዚስታንስ» የተባለውን የቴክኖ ቡድን መሠረተ፤ ሮበርት ሁድ ተጨመረ። ፊታቸውን ሸፍነው የሚቀርቡ፣ ለትልልቅ ኩባንያዎች አንገዛም ያሉ ልጆች ነበሩ። ሚልስ ከእነሱ ተለይቶ ወደ ኒውዮርክ ሄደ፤ በ1992 የራሱን አሳታሚ አክሲስን አቋቋመ። «ዘ ቤልስ» የሚባለው፣ ቴክኖ የማይሰማ ሰው እንኳ አንድ ቦታ ሰምቶት ሊሆን የሚችለው ሥራው፣ በ1990ዎቹ የወጣው ፐርፐዝ ሜከር በተባለው ሌላው የራሱ አሳታሚ ነው። በ2000 ለፍሪትስ ላንግ የ1927 ድምፅ አልባ ፊልም «ሜትሮፖሊስ» አዲስ ሙዚቃ አወጣ። በ2005 ደቡብ ፈረንሳይ፣ ሮማውያን በሠሩት የፖን ዱ ጋር ድልድይ ሥር ከሞንፔልየ ፊልሃርሞኒክ ኦርኬስትራ ጋር ሥራዎቹን አቀረበ። በ2007 የፈረንሳይ መንግሥት የሥነ ጥበብና የሥነ ጽሑፍ ኒሻን ሰጠው፤ በ2017 ደግሞ ማዕረጉን ከፍ አደረገለት። በ2018 ከናይጄሪያዊው የከበሮ ጌታ ቶኒ አለን ጋር ሥራ አሳተመ።

ብዙ ዲጄዎች አምስት ዓመት ነግሠው ይጠፋሉ። ይሄ ሰው ያልጠፋው ለምንድን ነው? የእኔ መልስ አጭር ነው፦ ሙዚቃውም፣ አሳታሚውም፣ ዋናው ቅጂም የራሱ ስለሆነ። በ1992 ያደረገው ያ ውሳኔ ከሠራቸው ዜማዎች ሁሉ የሚበልጥ ይመስለኛል። እናንተስ?

---

ሚዛን (አዲስ አበባ)

ወንድሜ፣ በደንብ ጽፈኸዋል፤ አንብቤ ጨርሻለሁ። ግን አንድ ነገር በግልጽ ልጠይቅህ። ክራር የሚመታ ሰው ጣቱ እስኪቆስል ይለማመዳል። ሳክስፎን የሚነፋ ሰው ዓመታት ይፈጅበታል። ዲጄ ግን ሌላ ሰው የሠራውን ሸክላ ነው የሚያስቀምጠው። ሰው የደከመበትን ማጫወት ሙያ ነው እሺ፣ ሙዚቀኛ የሚያሰኝ ግን እንዴት ነው? የምጠይቀው ልነቅፍ ብዬ አይደለም። ልጄ 19 ዓመቷ ነው፣ ዲጄ ልሁን ትለኛለች። ምን እንደምመልስላት ስለማላውቅ ነው።

---

የማታ ፈረቃ (በርሊን)

ሚዛን፣ ጥያቄህ የአባት ጥያቄ ነው፤ ስለዚህ በቁም ነገር ልመልስልህ።

ሸክላ ሁለት ብቻ ቢሆንና አንዱ ሲያልቅ ሌላው ቢጀምር ያልከው ልክ ነበር። የሚልስን እጅ ግን ተመልከት። በ2004 «ኤግዚቢሽኒስት» ብሎ ያወጣው ዲቪዲ አለ፤ ካሜራዎቹ እጆቹ ላይ ያተኮሩ ናቸው። ሦስት የሸክላ ማጫወቻ በአንድ ጊዜ ይሽከረከራል። እያንዳንዱ ሸክላ የራሱ ፍጥነት አለው፤ የማጫወቻው ጎን ላይ ያለችውን መቆጣጠሪያ ወደ ላይ ወደ ታች እያንሸራተትክ ፍጥነቱን ታስማማለህ። ክለቦች የለመዱት የቴክኒክስ 1200 ማጫወቻ እስከ 8 ከመቶ ያፈጥናል ወይም ይቀንሳል። ግማሽ ከመቶ እንኳ ከተሳሳትክ ከጥቂት ሰከንድ በኋላ ምቱ ይንጋደዳል፣ የሚጨፍረው ሰው እግር ይደናቀፋል። በአንድ ጆሮህ አዳራሹን፣ በሌላው ገና ያልወጣውን ሸክላ በማዳመጫ ትሰማለህ። ደግሞ የሁለት ሸክላ ቤዝ (ወፍራሙ ድምፅ) አብሮ ከተለቀቀ ድምፁ ይጨቀያል፤ የአንዱን ቤዝ በቆረጥክበት ቅጽበት የሌላውን መክፈት አለብህ። ይሄን ሦስት ሰዓት ሳታቋርጥ ታደርገዋለህ።

በዚህ ላይ ሚልስ ሮላንድ ቲአር-909 የተባለውን የከበሮ ማሽን አጠገቡ ያስቀምጣል። በ1980ዎቹ መጀመሪያ የወጣ፣ 10,000 ገደማ ብቻ የተሠራ ማሽን ነው፤ ሲወጣ ብዙም አልተፈለገም፣ በኋላ ዲትሮይትና ቺካጎ ያሉ ልጆች አሮጌውን እየገዙ ቴክኖና ሀውስን ሠሩበት። 16 ቁልፍ በረድፍ አለው። ሚልስ ቀድሞ ያዘጋጀውን ብቻ አይለቅም፤ እዚያው ሕዝቡ ፊት ምቱን ይሠራል፣ ያፈርሳል፣ ሃይሃቱን (የጽናጽሉን ድምፅ) ያወጣል፣ ኪኩን (ከባዱን የእግር ከበሮ ምት) ያነሳል። ያንን ቆሜ ሦስት ሜትር ርቀት ላይ አይቼዋለሁ። ከበሮ መምታት ካልሆነ ምን እንደምለው አላውቅም።

ይሄ የእኔ አስተያየት ብቻ አይደለም። የጀርመን ከፍተኛው የግብር ፍርድ ቤት በ2020 በዚህ ጉዳይ ፍርድ ሰጥቷል። ክርክሩ የክለብ መግቢያ ትኬት እንደ መዝናኛ 19 ከመቶ ወይስ እንደ ኮንሰርት 7 ከመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ይከፈልበት የሚል ነበር። ፍርድ ቤቱ የቴክኖና የሀውስ ዝግጅት እንደ ኮንሰርት ሊታይ ይችላል አለ፤ ማጫወቻውና ሚክሰሩ (ድምፅ መቀላቀያው) የአዳዲስ ድምፆች መፍጠሪያ ከሆኑ እንደ ሙዚቃ መሣሪያ ይቆጠራሉ ብሎ ነው። በመጋቢት 2024 ደግሞ የጀርመን የዩኔስኮ ኮሚሽን የበርሊንን የቴክኖ ባህል በአገር አቀፉ የማይዳሰስ ቅርስ መዝገብ ላይ አስገብቶታል።

ስለ በርሊን ካነሳሁ አይቀር፦ የዲትሮይት ልጆች አገራቸው ላይ ብዙ ሰው ሳያውቃቸው እዚህ እንደ ቤተሰብ የተቀበላቸው ቦታ ትሬዞር የተባለው ክለብ ነው። የበርሊን ግንብ ከፈረሰ ከአንድ ዓመት ከጥቂት ወር በኋላ፣ በመጋቢት 1991፣ ቨርትሃይም የተባለ የፈረሰ ሱቅ ምድር ቤት ውስጥ፣ የገንዘብ ማስቀመጫ በነበረ ክፍል ተከፈተ። የዛጉት የብረት ሳጥኖች ግድግዳው ላይ እንደተደረደሩ ነበሩ። ክለቡ የራሱን የሸክላ አሳታሚ ሲጀምር የመጀመሪያ ቁጥር አድርጎ ያወጣው የሚልስን፣ የባንክስንና የሁድን ሥራ ነው። አሮጌው ቦታ በ2005 ተዘግቶ ዛሬ ያለው አሮጌ የኤሌክትሪክ ኃይል ማመንጫ ውስጥ ነው። ሌሊት ስሠራ አድሬ ጠዋት በዚያ መንገድ ሳልፍ ከምድር ሥር ምቱ ይሰማኛል።

ለልጅህ የምትመልስላት ይሄ ነው፦ ጆሮዋ ካለ፣ በየቀኑ ትለማመድ።

---

ዲትሮይት ዳር (ሚሺጋን)

እዚህ ከ1996 ጀምሮ ነኝ፤ የመኪና ዕቃ ፋብሪካ ውስጥ ነው የምሠራው። ሸክላ ወዳጅ ስለ ሬዲዮው የጻፍከው ልቤን ነካው፤ እዚህ በዕድሜ የበሰሉ ጥቁር አሜሪካውያን የሥራ ባልደረቦቼ «አስማተኛው» ሲባል ፊታቸው ይበራል። ብዙዎቹ ጄፍ ሚልስ የሚለውን ስም አያውቁትም፤ ያንን ድምፅ ግን ያውቁታል።

ግን አንድ ነገር ጎድሎሃል። ከሚልስ በፊት «ኢሌክትሪፋይንግ ሞጆ» የተባለ የሬዲዮ ሰው ነበር። ፕሪንስን፣ ክራፍትቨርክ የተባለውን የጀርመን ባንድ፣ ፓርላመንት የተባለውን የፈንክ ባንድ፣ ሮክ ሙዚቃን፣ የዘርና የዓይነት አጥር ሳያበጅ በአንድ ሌሊት ያሰማ ነበር። አድማጮቹን የበረንዳ መብራት አብሩ፣ መኪና ውስጥ ያላችሁ ደግሞ ፋናችሁን አብለጭልጩ ይላቸዋል። ሰፈሩ በሙሉ መብራት ያበራል። ቤሌቪል በምትባል ከከተማዋ ወጣ ባለች ትንሽ ቦታ አብረው የተማሩት ሦስቱ ልጆች፣ ኋን አትኪንስ፣ ዴሪክ ሜይና ኬቨን ሳውንደርሰን፣ ያደጉት ይሄን እየሰሙ ነው። አትኪንስ በ1981 ሳይቦትሮን በተባለ ቡድን ስም የመጀመሪያውን ሸክላ አወጣ፤ በ1985 ሜትሮፕሌክስ የተባለ የራሱን አሳታሚ አቋቋመ። በ1988 እንግሊዝ ውስጥ የዲትሮይት ሥራዎች በአንድ አልበም ሲታተሙ ነው «ቴክኖ» የሚለው ስም ዓለም ላይ የወጣው። ስለዚህ የራስን አሳታሚ ማቋቋም ሚልስ የፈጠረው ነገር አይደለም፤ የዚህ ከተማ ልማድ ነው። ሥራቸውን ሊያሳትምላቸው የሚመጣ ሰው አልነበረም፤ ሞታውን የተባለው ትልቁ ኩባንያ እንኳ በ1972 ወደ ሎስ አንጀለስ ሄዷል።

ከተማዋን ሳታዩ ሙዚቃው ሙሉ በሙሉ አይገባችሁም። በ1950 ወደ 1.85 ሚሊዮን ሰው ይኖርባት ነበር፤ በ2010 ቆጠራ 714,000 ገደማ ቀርቷል። እኔ ስመጣ ሙሉ መንገድ ባዶ ቤት አየሁ። ፋብሪካው ውስጥ የብረት መጭመቂያ ማሽኑ ቀኑን ሙሉ በአንድ ልክ ይመታል፤ ከዚያ ወጥቼ መኪና ውስጥ ቴክኖ ስከፍት የሰማሁት ያንኑ ምት ነው፣ ግን ነፍስ ዘርቶ። ይሄን የሚለው የማሽኑ አጠገብ የቆመ ሰው ነው እንጂ የመጽሔት ጸሐፊ አይደለም።

አሁን ወደማልስማማበት ልምጣ። ሚልስ ሄደ፤ ኒውዮርክ፣ ቺካጎ፣ አውሮፓ። ሥራው አደገ፣ ኒሻን አገኘ፣ ይገባዋል። ማይክ ባንክስ ግን ቀረ። ፊቱን ሳያሳይ፣ ብዙ ቃለ ምልልስ ሳይሰጥ፣ ኢስት ግራንድ ቡሌቫርድ ላይ ያለውን ሕንፃ ለሰፈሩ ልጆች ሙዚቃ መማሪያና ለአሳታሚዎች ሸክላ ማከፋፈያ አደረገው። እዚያው ውስጥ ትንሽ የቴክኖ ቤተ መዘክር አለ፤ አሮጌው የሸክላ መቅረጫ ማሽን ቆሞ ታየዋለህ። ልጄን ይዤ ሄጄ ነበር። ያስጎበኘን ሰው ልጄን የከበሮ ማሽኑ ቁልፍ ላይ እጇን እንድታሳርፍ አደረጋት። ይሄም ሙሉ የሥራ ዘመን ነው። እኛ አገር ጥለን የወጣን ሰዎች የሄደውን ብቻ ስናወድስ የቀረውን እንዳንረሳ ነው የምለው።

---

ሸክላ ወዳጅ (ፍራንክፈርት)

ዲትሮይት ዳር፣ ተቀብያለሁ። ስለ ባንክስ የጻፍኩት ግማሽ መስመር ብቻ ነበር፤ ያንተን ካነበብኩ በኋላ ያ ትክክል እንዳልነበረ ገብቶኛል። ግን አንድ ነገር ልጨምር፦ ሚልስ ባይሄድ ኖሮ ያ ሙዚቃ ከኦርኬስትራ ጋር፣ ከቶኒ አለን ጋር ይገናኝ ነበር ወይ? ቶኒ አለን እንኳ የናይጄሪያዊውን ዘፋኝ የፌላ ኩቲን አፍሮቢት ምት የፈጠረ ሰው ሆኖ ፓሪስ ኖሮ ፓሪስ ነው በ2020 ያረፈው። ሁለቱ የተገናኙት ሁለቱም ከቤታቸው ርቀው ነው።

---

ጋሽ ካሴት (ዋሽንግተን ዲሲ)

ልጆቼ፣ የምታወሩትን ሙዚቃ አልሰማም፤ ዕድሜዬ 71 ነው። ፒያሳ ሙዚቃ ቤት ነበረኝ፤ ካሴት አሳትሜአለሁ፣ ሸጫለሁ። ግን «የራሱ አሳታሚ» የሚለውን ሳነብ ዝም ማለት አልቻልኩም።

አማሃ እሸቴን አስታውሱ። በንጉሡ ዘመን ሸክላ የማሳተም መብት የመንግሥት ድርጅት ብቻ ነበር፤ የግል ሰው አያሳትምም። አማሃ ገና በሃያዎቹ ዕድሜው በ1969 ያንን ጥሶ አማሃ ሪከርድስን አቋቋመ። የመጀመሪያው ሥራው የዓለማየሁ እሸቴ ነው። እዚህ ሸክላ የሚያትም ፋብሪካ ስላልነበረ ቴፑን ውጭ አገር ልኮ ነበር የሚያሳትመው። እታሰር ይሆን እያለ ነው የጀመረው። ደርግ መጥቶ ሰዓት እላፊ ሲታወጅ የሌሊቱ ሕይወት ሞተ፤ እሱም ወደ አሜሪካ ወጣ። እስከዚያ ግን ከመቶ በላይ ሸክላ አውጥቶ ነበር። በኋላ ፈረንጆቹ ኢትዮፒክስ ብለው በሲዲ ሲያወጡ ከውስጡ ብዙው የእሱ ነው። በ2021 አረፈ፤ ነፍሱን ይማር።

ይሄን የምለው ዲትሮይት ያሉት ልጆች ያደረጉትን እኛም ቀድመን ስላደረግነው ነው። ልዩነቱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። በእኔ ዘመን ዘፋኙ ካሴቱን ለአሳታሚ በአንድ ጊዜ ክፍያ ይሸጥና ይሄዳል፤ ካሴቱ ሚሊዮን ቢሸጥ ለእሱ የሚደርስ የለም። እኔም እንደዚያ ገዝቻለሁ። የዘመኑ አሠራር ነበር፤ ዛሬ ሳስበው ከነዚያ ዘፋኞች አንዳንዶቹ በችግር እንዳረፉ አውቃለሁና እንቅልፍ ይነሳኛል። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410 የወጣው በ1996 ዓ.ም. ነው፤ በኢትዮጵያ አቆጣጠር። እኔ ሱቄን ዘግቼ ከወጣሁ በኋላ መሆኑ ነው።

---

ቀበና 24 (አዲስ አበባ)

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልን፤ እንዲህ በግልጽ የሚናገር ሰው ማግኘት ከባድ ነው።

እኔ ቤቴ ውስጥ በላፕቶፕ ኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ እሠራለሁ። ማታ ማታ መብራት ሲጠፋ በባትሪ። ወደ 40 ሥራ አለኝ፤ ለሰው ያሰማሁት አራቱን ብቻ ነው። አንድ አዘጋጅ የሠርግ ዲጄ ሆነህ ሥራ ብሎ ወስዶኝ ነበር፤ ገንዘቡን ሳልቀበል ዓመት አለፈ። አሁን የምጠይቃችሁ እውነተኛ ጥያቄ ነው፦ እንደ ሚልስ ያለ ሰው እንጀራው የሚመጣው ከምኑ ነው? ከሸክላ ሽያጭ? ከክለብ? እኔ ካለሁበት የትኛውን ልጀምር?

---

ሸክላ ወዳጅ (ፍራንክፈርት)

ቀበና፣ የማውቀውን ያህል ልንገርህ። ለአሥራ አንድ ዓመት እዚህ ትንሽ የሸክላ ሱቅ ውስጥ በትርፍ ጊዜዬ ሠርቻለሁ፤ አነስተኛ አሳታሚዎች ሸክላቸውን ይዘው የሚመጡት ወደ እኛ ነበር።

አብዛኛው ቴክኖ ሠሪ የሚኖረው መድረክ ላይ በሚከፈለው ነው። ሸክላው እንጀራ አያበላም፤ የሚጠራህን ሰው ያመጣል እንጂ። አንድ ሸክላ 300 ወይም 500 ቅጂ ያሳትማሉ፤ ለቅርጹ፣ ለማተሚያው፣ ለሽፋኑ፣ ለአከፋፋዩ ተከፍሎ ሁሉም ቢሸጥ እንኳ የሚተርፈው ጥቂት ነው። አንዳንዴ ምንም። ታዲያ ለምን ያሳትማሉ? ሌላ ዲጄ ቦርሳው ውስጥ ይዞት ወደ ሌላ አገር ስለሚሄድ። «ዘ ቤልስ» ሌሎች ዲጄዎች ስንት ሌሊት እንደከፈቱት አስብ፤ ሚልስ ሳይሄድበት ስሙ የደረሰው በዚያ ነው።

ግን መድረክ ብቻ ላይ የቆመ ሰው መድረኩ ሲዘጋ ይወድቃል። በመጋቢት 2020 ክለቦች ሲዘጉ እዚህ የማውቃቸው ልጆች ፖስታና ፒዛ ወደ ማመላለስ ገቡ። የዳኑት የቀድሞ ሥራቸው መብት በእጃቸው የነበረ ሰዎች ነበሩ፤ ለፊልም፣ ለማስታወቂያ፣ ለድጋሚ ኅትመት እየሰጡ ቆዩ። ስለዚህ አርባውን ሥራህን ዛሬ ማታ በየስሙ፣ በየቀኑ፣ ማን ምን እንደጨመረበት ጽፈህ መዝግብ። የእያንዳንዱን ድምፅ ለብቻ አውጥተህ በሁለት ቦታ አስቀምጥ፤ አንዱ ከቤትህ ውጭ ይሁን። ማንም ሰው የአንድ ጊዜ ክፍያ ሰጥቶህ «ሁሉም የእኔ» የሚል ወረቀት ቢያቀርብልህ ለሰው ሳታሳይ አትፈርም።

ደግሞ ብቻህን አይደለህም። እዚያው አዲስ አበባ እንደገና ሙሉ የተባለው ሙዚቀኛ «ኢትዮጵያን ሪከርድስ» በሚል ስም፣ ሚካኤል ሰይፉም በራሱ ስም፣ የገጠሩን ዜማና የሰፈሩን ድምፅ በኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ሠርተው ዓለም ሰምቷቸዋል። ሚካኤል በ2014 «ያራዳ ልጅ»ን ያወጣው 1432 አር በተባለው የዋሽንግተን አሳታሚ በኩል ነው። በ2018 ደግሞ ሮፍናን በ«ነጸብራቅ» አልበሙ አገሩን ሙሉ በኤሌክትሮኒክ ምት አስጨፈረ። ሦስቱም ቴክኖ አይደሉም፤ ይሁን። መንገዱን ጠርገውታል።

የሠርጉን አዘጋጅ ገንዘብ ግን ተው አልልህም። ያለህን የመልእክት ልውውጥ ሁሉ ያዝ።

---

እንጆሪ (ሽቱትጋርት)

እስካሁን የተጠቀሱት ሁሉ ወንዶች ናቸው። የሚዛን ልጅ ይሄን ብታነብ ምን ትላለች?

---

ዲትሮይት ዳር (ሚሺጋን)

እውነትሽን ነው እህቴ፣ በእኔም ጽሑፍ መጉደል አልነበረበትም። ኬሊ ሃንድ፣ በመድረክ ስሟ ኬ-ሃንድ፣ የዚህ ከተማ ናት። አኬሺያ የተባለ የራሷን አሳታሚ አቁማ ለሠላሳ ዓመት ገደማ ሸክላ አወጣች፤ ዲጄም፣ ሠሪም፣ አሳታሚም እሷው ናት። በ2017 የከተማው ምክር ቤት የዲትሮይት ቀዳማዊት እመቤት የሚል ክብር ሰጣት። በ2021 አረፈች። የሚዛን ልጅ ከሚልስ በፊት እሷን ትስማ።

ደግሞ በየዓመቱ በግንቦት መጨረሻ ወንዙ ዳር፣ ሃርት ፕላዛ ላይ የቴክኖ ፌስቲቫል አለ። በ2000 ሲጀመር መግቢያው ነፃ ነበር፤ የሥነ ጥበብ ዳይሬክተሩ የዲትሮይቱ ዲጄ ካርል ክሬግ ነበር። ያን ጊዜ ሄጄ ነበር። አያቶች የልጅ ልጃቸውን አዝለው ይጨፍሩ ነበር። ከተማዋ የራሷን ልጆች መጀመሪያ ስታያቸው ያየሁት ያን ቀን ነው።

---

ሚዛን (አዲስ አበባ)

ትናንት ማታ ከልጄ ጋር ቁጭ ብለን የቶኪዮውን ቀረጻ ሰማነው፤ እሷ አገኘችው። መጀመሪያ ራሴን አመመኝ፤ አልዋሻችሁም። ከዚያ እሷ «አባዬ፣ አሁን ሁለት ነው የሚሰማው፣ አሁን ሦስተኛው ገባ» እያለች በጣቷ ስታሳየኝ መለየት ጀመርኩ። የማታ ፈረቃ ያልከው የቤዝ መለዋወጥ እሱንም ሰማሁት። ሙዚቀኛ አይደለም ያልኩትን አንስቻለሁ። ኬ-ሃንድንም ጽፋ ይዛለች። አሁን የምትለማመድበትን መሣሪያ ከየት ላምጣ የሚለው ነው የቀረኝ።

---

ቀበና 24 (አዲስ አበባ)

ጋሼ ሚዛን፣ እኔ ጋ ትንሽ መቆጣጠሪያ አለች፣ ሁለት ዲስክ ያላት። ቅዳሜ ቅዳሜ አልጠቀምባትም። ቀበና ድልድይ አካባቢ ነኝ፤ አብራችሁ ኑ።

---

ከበሮ መቺ (ራምላ፣ እስራኤል)

ይቅርታ ዘግይቼ ገባሁ። የሠርግ ባንድ ውስጥ ከበሮ እመታለሁ፤ ቴክኖም እወዳለሁ። ሁለቱን አንድ ላይ የሚያገናኝ ነገር ስላገኘሁ ልጻፍላችሁ።

ሚልስና ሮን መርፊ የተባለው የዲትሮይቱ ሸክላ ቀራጭ የሠሩት አንድ ነገር አለ። የሸክላ መስመር ከውጭ ወደ መሃል የሚጠመዘዝ አንድ መንገድ ነው። እነሱ ግን መስመሩን በራሱ ላይ ዘግተው ቀረጹት፤ መርፌው ወደ ውስጥ አይሄድም፣ እዚያው ክብ ውስጥ ለዘላለም ይዞራል። በ1994 የወጣው «ሳይክል 30» የተባለው ሸክላ ላይ እንዲህ የተዘጉ መስመሮች አሉ። ሌሊቱን ሙሉ ብትተወው ያው አንድ ምት ነው።

አሁን ሒሳቡን እዩ። ሸክላ በደቂቃ 33 ከአንድ ሦስተኛ ጊዜ ይዞራል፤ አንዱ ዙር 1.8 ሰከንድ ነው። በዚያ ዙር ውስጥ አራት ምት ብታስገባ እያንዳንዱ 0.45 ሰከንድ፣ ማለትም በደቂቃ 133 ምት ከአንድ ሦስተኛ። ይሄ የቴክኖ ፍጥነት ነው።

ችክችካ ደግሞ ስድስት ስድስት ነው የሚቆጠረው፤ በአንድ ስድስት ውስጥ እግር የሚያርፍበት ሁለት ቦታ አለ። ሁለት ጊዜ ስድስት አሥራ ሁለት፣ እግር የሚያርፈው አራት ጊዜ። 1.8 ሰከንዱን ለአሥራ ሁለቱ ብታካፍሉት እያንዳንዷ ትንሿ ምት 0.15 ሰከንድ ትሆናለች፤ አራቱ የእግር ምቶች ከቴክኖው አራት ኪክ ጋር ልክ አንድ ላይ ይወድቃሉ። የሠርግ ችክችካ ሲሞቅ ፍጥነቱ ከዚህ ብዙ አይርቅም። ማለትም ችክችካ ከነሙሉ ዑደቱ በአንድ የሸክላ ዙር ውስጥ ሳይጎድል ሳይተርፍ ይገባል። ከበሮዬን ቀድቼ በላፕቶፕ ዘግቼ ሞከርኩት። ሚስቴ ከኩሽና ትከሻዋን እየሰበቀች ወጣች።

---

ቀበና 24 (አዲስ አበባ)

ከበሮ መቺ፣ ያንን ቀረጻ ትልክልኛለህ? ኪኩን ለብቻ አድርገህ፣ ከበሮውን ለብቻ። ስምህንና ቀኑን ጽፌ መዝገቡ ላይ አስገባዋለሁ፤ 41ኛ ሥራ ይሆናል። ቅዳሜ የጋሼ ሚዛን ልጅ ስትመጣ በእሱ እንጀምራለን።

---

ከበሮ መቺ (ራምላ፣ እስራኤል)

ልኬልሃለሁ። ሁለት ፋይል ነው። ሁለተኛው ላይ መጨረሻ አካባቢ የሚስቴ እልልታ ገብቷል፤ አትቁረጠው።